ዶክተሯን ጠይቁ፦ የካንሰር መድኃኒት የሚፈልግ ሐኪም ምን ሲሠራ ይውላል?

ባለፈው እትም ስለ ጡት ካንሰር ስጽፍ፣ ግማሹን ጊዜዬን በሽተኛ በማየት፣ ግማሹን በምርምር እንደማሳልፍ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሼ አልፌ ነበር። የመጡት ደብዳቤዎች ግን አብዛኞቹ ስለ ጡት ካንሰር ሳይሆን ስለዚያች ዐረፍተ ነገር የሚጠይቁ ሆኑ። የዚህ ወር ዓምድ ለእነሱ ይሁን። ለማያውቁኝ፣ ድሬዳዋ ቀዚራ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ሐረር የምሠራ የካንሰር ሐኪም ነኝ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፤ የማንንም ስም አላወጣሁም።

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አያቴ በካንሰር ከሞተች ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ ለዚህ በሽታ መድኃኒት ማግኘት ነው። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ‹ሕክምና ከገባህ መድኃኒት ማዘዝ እንጂ መሥራት አትማርም፤ ኬሚስትሪ ወይም ባዮቴክኖሎጂ ግባ› ይሉኛል። እውነታቸውን ነው? ስንት ዓመትስ ይፈጃል?» (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

አስተማሪህ ያሉት ልክ ነው፤ ግን አልጨረሱትም። ሕክምና ትምህርት ቤት መድኃኒት መሥራት አያስተምርም። መጀመሪያ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ፓቶሎጂ፤ ከዚያ ዋርድ፤ ከዚያ እንቅልፍ የሌለበት ኢንተርንነት ነው። ሞለኪውል ከባዶ ተነሥተው የሚሠሩት ኬሚስቶች ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ እኔ የማዝዘው ነገር አይኖረኝም። የሐኪም ተመራማሪ ሥራ ሌላ ነው። ይህ መድኃኒት ለየትኛው በሽተኛ፣ በምን ያህል መጠን፣ ምን ምን እየተከታተልን ይሰጥ የሚለውን ይወስናል። መድኃኒቱ አንዷን ሴት አድኖ አጠገቧ የተኛችውን ሳይነካት ሲቀር ደግሞ፣ ከሁለቱም ዕጢ ናሙና ወስዶ ልዩነቱን ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የሕክምና ኖቤል የተካፈሉትን ሁለት ሰዎች ተመልከት። ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ኪዮቶ ሕክምና ተምሮ በኋላ ወደ ላብራቶሪ የገባ ነው። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ሐኪም አይደለም። ሁለቱም በየፊናቸው ያገኙት የሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች ላይ ያለ ፍሬን ነው፤ ፍሬኑ ሲለቀቅ ሴሎቹ ካንሰሩን ማጥቃት ይጀምራሉ። እንግዲህ መድኃኒት ለማግኘት ሁለቱም በር ክፍት ነው። አንተ ራስህን መጠየቅ ያለብህ በሽተኛ ፊት መቀመጥ ትወዳለህ ወይ የሚለውን ነው። የዋርድ ሽታ፣ የአስታማሚ ጭንቀት፣ «ዶክተር፣ ይተርፋል?» የሚል ጥያቄ የሚያሸሽህ ከሆነ ባዮቴክኖሎጂ ግባ፤ ምንም አታጣም። የሚስብህ ከሆነ ግን ሕክምና ግባ።

ዓመቱን ሳልሸፋፍን ልንገርህ። ሕክምናው ስድስት ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በጠቅላላ ሐኪምነት አገልግሎት አለ፤ ቀጥሎ የሬዚደንሲ (የስፔሻሊስትነት ሥልጠና) ፈተና፣ ስፔሻሊቲው ሦስት ወይም አራት ዓመት፤ ፒኤችዲ ከጨመርክበት ሌላ አራት። ዛሬ 18 ዓመትህ ከሆነ የራስህን ጥናት መምራት የምትጀምረው ሠላሳ አምስት አካባቢ ነው። ኢንተርኔት ላይ «ኤምዲ ፒኤችዲ» እየተባለ የሚወራው የአሜሪካ መንገድ ሁለቱን ዲግሪ በስምንት ዓመት ገደማ አንድ ላይ ያስጨርሳል፤ የአሜሪካ መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ገንዘብ ያወጣበታል። ያ ገንዘብ ግን ለዜጎቻቸውና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ላላቸው ስለሆነ እሱን ተስፋ አድርገህ ዕቅድ አታውጣ። የእኛዎቹ ብዙ ጊዜ የሚሄዱበት፣ እዚህ ስፔሻላይዝ አድርጎ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጋራ ፒኤችዲ መሥራት ነው። በሽተኛውና መረጃው እዚህ ይሆናል፤ እዚህ የማይሠራው የላብራቶሪ ምርመራ እዚያ ይሠራል።

እስከዚያው ሒሳብ አትጣል፤ በተለይ ስታትስቲክስ። አብረውኝ ከተማሩት ብዙዎቹ ሕክምና የገቡት ከሒሳብ ለመሸሽ ነበር። ምርምር ውስጥ ሲገቡ ጠብቆ አገኛቸው።

«ልጄ ዘንድሮ ዶክተር ሆና ተመረቀች። አባቷ ጡረታ ወጥቷል፤ ሁለት ታናናሽ እህቶች አሏት። ዘመድ ሁሉ ‹የግል ክሊኒክ ትቀጠር፣ ማታም ትሥራ› ይላል። እሷ ‹ሪሰርች ነው የምፈልገው› ብላ ሐረር በትንሽ ደሞዝ ልትገባ ነው። እስቲ ምከሪልኝ።» (እናት፣ ከገንደ ቆሬ)

እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት። እኔ ወደ ልጅዎ የማደላ መሆኔን አስቀድሜ ልናገርና፣ ስለ ገንዘቡ ዘመድ የሚለው ትክክል ነው። ማታ ማታ የግል ክሊኒክ የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም፣ ምርምር ላይ ከተቀመጠው ጓደኛው በእጅጉ የተሻለ ያገኛል። «ግራንት አገኘች» ሲባል ከሰሙም አይደሰቱ፤ ያ ገንዘብ ለጥናቱ ኬሚካልና ለመረጃ ሰብሳቢ እንጂ ለቤት ኪራይ አይሆንም። ደረሰኝ ተቆጥሮበት ነው የሚወጣው።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። በሠራበት ቀን የተጠገነ ፉርጎ ይታይ ስለነበር የእኔ ሥራ አይገባውም ነበር። «በዚህ ወር ስንት ሰው አዳንሽ?» ይለኛል። ምርምር ላይ የዋልኩበት ወር ከሆነ «አንድም» ነበር መልሴ። ልጅዎም ይህን መልስ ለብዙ ወር ትመልስልዎታለች፤ እየሰነፈች እንዳይመስልዎት።

እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርዎ። ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ለሁለት ዓመት ተስማሙ፤ በየወሩ ለቤት የምታዋጣውን በቁጥር ተነጋገሩ፤ ለዚያ ሲባል ቅዳሜና እሑድ የግል ሆስፒታል ዲዩቲ ብትገባ ማንም አይከለክላትም። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የታተመ ጥናት ወይም የስፔሻሊቲ ቦታ ከሌላት ያን ጊዜ የዘመድን ምክር ይስሙ። ደግሞ እግረ መንገዴን፣ ታናናሾቹ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለልጃገረዶች የሚሰጠውን የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት አግኝተዋል? ዶክተሯን ይጠይቋት፤ ለቤተሰቧ የመጀመሪያ ሥራዋ ይሁን።

«ምሥራቅ ሐረርጌ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምሠራ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ነኝ። ላብራቶሪያችን ከደም ቆጠራ፣ ከሽንትና ከሰገራ አያልፍም። ካንሰር የመሰለኝን ሁሉ ሪፈር ጽፌ እሸኛለሁ፤ ምን እንደደረሱ እንኳ አልሰማም። ካንሰር ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ፣ ግን እዚህ ተቀምጬ ምን ልመራመር?»

ወንድሜ፣ ከዚህ ወር ደብዳቤዎች ሁሉ ያንተን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ አንድ ታሪክ ልንገርህ።

ዴኒስ በርኪት ካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ነበር። መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናት ይመጡበታል። ሌላው ሐኪም እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻ አይቶ ያልፋል፤ እሱ ግን የድሮ መዝገብ አገላብጦ ይህ ሁሉ አንድ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተና እ.ኤ.አ. በ1958 ጻፈው። ከዚያ ፎቶግራፍ እያባዛ ለአፍሪካ ሆስፒታሎች ላከ፤ «እንዲህ ያለ ልጅ አይታችኋል?» ብሎ። በ1961 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ መኪና ከኡጋንዳ እስከ ደቡብ አፍሪካ በየሆስፒታሉ እየዞረ ጠየቀ፤ በሽታው ሙቀትና ዝናብ ባለበት አገር እንደሚበዛ፣ ደጋው ላይ እንደሚጠፋ አየ። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ስለዚህ ሲናገር አንቶኒ ኤፕስታይን የሚባል ተመራማሪ አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ናሙና እንዲልክለት ለመነው። በ1964 ከዚያ ናሙና ውስጥ ቫይረስ ተገኘ፤ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ቫይረሶች የመጀመሪያው። በርኪት ማይክሮስኮፕ ላይ የሚውል ሰው አልነበረም። የሚቆርጥ፣ የሚጠይቅና የሚመዘግብ ቀዶ ሐኪም ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የራሳችን ነው። የአፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር በአብዛኛው የሆርሞን ተቀባይ (እንደ ኤስትሮጅን ያለውን ሆርሞን የሚይዝ የሴል ክፍል) የሌለው ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። ይህ በዋርድ ቋንቋ «ኤስትሮጅንን የሚያግደው ታሞክሲፈን አይጠቅማትም» ማለት ነው። በጥቁር አንበሳ የታከሙ ከ350 የሚበልጡ ሴቶች ዕጢ ከጀርመኑ የሐለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በጋራ ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም፣ ሁለት ሦስተኛ ገደማው የኤስትሮጅን ተቀባይ ያለው ሆኖ ተገኘ። ታሞክሲፈን ቤቷ ተቀምጣ የምትውጠው ኪኒን ነው፤ ዋጋውም ከኬሞ ጋር አይወዳደርም። አዲስ ሞለኪውል አልተሠራም። ግን ኬሞና ጨረር ሩቅ ለሆነባት ለአንተ አካባቢ ሴት ከዚህ የሚበልጥ የምርምር ውጤት በቅርቡ አላየሁም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ያ ጥናት እንዲሠራ ናሙናው በደንብ ተይዞ መድረስ ነበረበት። ከየወረዳው ሐረር የሚደርሱ አንዳንድ ናሙናዎች አፉ በጠበበ የመርፌ ጠርሙስ ውስጥ ተጠቅጥቀው፣ ፎርማሊኑ (ናሙናው እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፈሳሽ) ሥጋውን እንኳ ሳይሸፍነው ነው የሚመጡት። መጠየቂያው ላይ «የጡት እብጠት» ከሚል በቀር ምንም የለም። ይህን ማስተካከል በአንተ እጅ ነው። አፈ ሰፊ ዕቃ ያዝ። 10 በመቶ ፎርማሊን፣ መጠኑ ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። ናሙናው በተቆረጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይግባበት። ፎርማሊን ውስጥ የሚቆየው ከ6 ሰዓት አይነስ፣ ከ72 ሰዓት አይብለጥ፤ ዓርብ ከሰዓት የወሰድከው ሰኞ ከሰዓት ላብራቶሪ መድረስ አለበት ማለት ነው። አንቡላንስ እስኪገኝ ሳምንት የከረመ እንደሆነ፣ ተቀባይ የነበረው ዕጢ «የለውም» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ሴትየዋ ታሞክሲፈን ሳታገኝ ትቀራለች፤ ጥናት ውስጥ ከገባችም ቁጥሩ ይሳሳታል። መጠየቂያው ላይ ዕድሜዋን፣ ካየችው ስንት ወር እንደሆነው፣ ስፋቱን በሴንቲሜትር፣ ብብቷ ውስጥ ያገኘኸውን፣ የወር አበባዋ መቆም አለመቆሙን ጻፍ።

ቀጥሎ ደብተር ክፈት። ካንሰር ጠርጥረህ የሸኘኸውን ሁሉ መዝግብና ስልኳን ብቻ ሳይሆን የልጇን ወይም የጎረቤቷን ስልክም ጨምር፤ የገጠር ሰው ሲም ካርድ እንደሚቀያይር ታውቃለህ። በሦስት ወር አንዴ ደውል። ደርሳለች? ናሙና ተሰጠ? ሕክምና ጀመረች? የት ላይ ቀረች? በአገራችን የካንሰር ጥናቶች ትልቁ ቀዳዳ በሽተኛዋ ከሪፈር በኋላ መጥፋቷ ነው፤ ያን ቀዳዳ የሚያየው ደግሞ ሐረር የተቀመጥኩት እኔ ሳልሆን አንተ ነህ። ለሕክምና የምትይዘው መዝገብ ለጥናት የሚሆነው ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ስታገኝ ብቻ መሆኑን አትርሳ። ከመጀመርህ በፊት ፕሮፖዛል ጻፍ፤ ብቻህን ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ያለ ሰው ጨምረህ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከርሳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ቤት ለቤት ልደትና ሞት የሚመዘግብበት፣ የሞተውንም ሰው ምክንያት ቤተሰብ ጠይቆ የሚለይበት ጣቢያ አለው። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች መረጃ እንዴት እንደሚጠራ ያውቃሉ። ሄደህ ተዋወቃቸው።

ለሬዚደንሲ ስትቀርብ በንጹሕ የተያዘ የሁለት ዓመት ደብተር ይዘህ ከመጣህ፣ እኔ ጠያቂ ብሆን ከማንኛውም ሰርተፍኬት በፊት እሱን ነው የማየው።

«አባቴም አያቴም መድኃኒት ያውቁ ነበር። ለእጢ የሚሆን ቅጠል አለን፤ ብዙ ሰው ድኖበታል። ለሐኪም ስናገር ይስቃል፤ ፈረንጅ ሲመጣ ግን ቅጠሉን ይዞ ይሄዳል። እናንተ ለምንድን ነው የማትመረምሩት?» (ሐረር፣ ጀጎል)

አባባ፣ እኔ አልስቅም። የሚስቀውን ሐኪም ስለ እንዶድ ይጠይቁልኝ። ጅጅጋ የተወለዱት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣ ሞቶ አይተው ነው፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ያገኙት።

ስለ ካንሰር ከሆነ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያስገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከዓለም ዙሪያ ዕፅ እያስሰበሰበ በካንሰር ላይ ያስሞክር ነበር። ከኢትዮጵያ ከተወሰዱት አንዱ የአጣጥ ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ነው፤ እኛ አካባቢ በኦሮምኛ ኮምቦልቻ የሚሉት ዘር። ከጫትም ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። (ይህን ስል ጫት ካንሰር ያድናል አለች ብሎ የሚያወራብኝ እንዳይኖር።) ሞሪስ ኩፕቻን የሚባል ኬሚስት ከውስጡ ሜይታንሲን የተባለውን ነገር ለይቶ በ1972 አሳተመ። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የሚወጣው አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም፤ ኃይሉ ግን ከተለመዱት የካንሰር መድኃኒቶች መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ሆነ።

ከዚያስ? ሰው ላይ ሲሞከር ከሸፈ። ዕጢው ሳይቀንስ በሽተኛው አስመለሰ፣ ተቅማጥ ያዘው፣ ነርቩ ተጎዳ። ካንሰሩንም ጤነኛውንም አካል ሳይለይ ይመታ ነበርና ተተወ። ዓመታት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

በሌላ በኩል ካሊፎርኒያ ላይ ዴኒስ ስላሞን የተባለ ሐኪም ተመራማሪ የ189 የጡት ዕጢዎችን ናሙና ከየሴቶቹ የሕክምና ታሪክ ጋር አስተያየ። ሄር ቱ የሚባለው ጂን የበዛባቸው ሴቶች በሽታው ቶሎ እንደሚመለስባቸውና ቶሎ እንደሚሞቱ በ1987 አሳወቀ። (ጂፒው ወንድሜ፣ ይህም መዝገብና ናሙና ነው።) ያ ጂን የሚሠራውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1998 ተፈቀደ። ቀጥሎ ሌሎች ተመራማሪዎች ሁለቱን አገናኙ። የሜይታንሲን ልጅ የሆነውን መርዝ ከትራስቱዙማብ ጋር በኬሚካል አሰሩት። ትራስቱዙማብ የካንሰሩን ሴል ፈልጎ ይይዛል፤ ሴሉ ሁለቱንም አብሮ ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፤ መርዙ እዚያ ይፈታል። ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ይባላል። በሽታው በተሰራጨባቸው 991 ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ በነበረው ሕክምና ግማሾቹ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ 25 ወር ገደማ የነበረው በአዲሱ ወደ 31 ወር ገደማ ደረሰ፤ አሜሪካ በ2013 ፈቀደችው። ከቅጠሉ እስከ ፈቃዱ ከ40 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ዛሬ መድኃኒቱ የሚሠራው ተክሉ ተቆርጦ አይደለም፤ መሰል ነገር የሚያመርት ባክቴሪያ እየተራባ ነው።

ስለዚህ «ፈረንጅ ይዞ ይሄዳል» ማለትዎ በከንቱ አይደለም። ያን ጊዜ ጥቅም የሚያስከፍል ሕግ አልነበረንም። አሁን አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ የማኅበረሰቡን ዕውቀትና ዕፁን ያለ ፈቃድ ይዞ መውጣት ይከለክላል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ለማንም፣ ለእኔም ጭምር፣ ቅጠሉን ከመስጠትዎ በፊት ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን።

«ብዙ ሰው ድኖበታል» ያሉት ላይ ግን እንከራከር። የዳኑት ካንሰር መያዛቸው በናሙና ታይቶ ነበር? አንገት ላይ የሚወጣ እብጠት በአገራችን ብዙ ጊዜ ቲቢ ነው። ጡት ላይ ከሚገኘው እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ በራሱ የሚሟሟም አለ። እርስዎ ጋ የመጣውን ሰው መጀመሪያ ለናሙና ይላኩልኝ፤ ካንሰር መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሕክምናውን ሳያቋርጥ ስለ ቅጠሉ እንነጋገራለን። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሐኪሙ ሳያውቅ ቅጠል እንዳይጠጣ። ጉበቱ ሲጎዳ ከየትኛው እንደሆነ መለየት ያቅተናል፤ የሚቋረጠውም ኬሞው ነው።

«መድኃኒቱ ተገኝቶ ኩባንያዎች ደብቀውታል የሚባለው እውነት ነው?» (ሁለት አንባቢዎች)

አይደለም። ካንሰር አንድ በሽታ ስላልሆነ የሚደበቅ አንድ መድኃኒት የለም። የመድኃኒት ኩባንያ ባለቤትም እናትና ልጅ አለው፤ እነሱም በካንሰር ይሞታሉ። አንድን የደም ካንሰር ዓይነት ከገዳይነት በኪኒን ወደሚያዝ በሽታ የለወጠው ኢማቲኒብ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲፈቀድ አልተደበቀም፤ በውድ ዋጋ ተሸጠ እንጂ። የእኛ በሽተኞች ጥቁር አንበሳ ላይ ያገኙት በእርዳታ ፕሮግራም ነው። ከተቆጣችሁ በዋጋው ተቆጡ፤ እኔም አብሬያችሁ እቆጣለሁ።

«ካናዳ ያለችው እህቴ ለያዘኝ ካንሰር ‹ክሊኒካል ትራያል አለ፣ እናመልክትልህ› ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ‹እንደ አይጥ ሊሞክሩብህ ነው፤ ለግማሹ ሰው የውሸት ኪኒን ነው የሚሰጡት› ትለኛለች። ማንን ልስማ?» (ድሬዳዋ፣ ነምበር ዋን)

ሁለቱም ለእርስዎ አስበው ነው። ባለቤትዎ የፈሩት ከአይጥ በኋላ ያለውን ነው፤ አይጥ ላይ ያላለፈ ሰው ጋ አይደርስም። ሰው ላይ ሲመጣ የመጀመሪያው ደረጃ ጥቂት አሥር ሰዎችን ይይዛል፤ የሚጠየቀውም ሰው የሚችለው መጠን ስንት ነው የሚለው ነው። ያድናል ወይ ገና አልተጠየቀም። በሁለተኛው ዕጢው መቀነስ አለመቀነሱ ይታያል። በሦስተኛው አዲሱ ካለው ሕክምና ጋር በዕጣ በተከፈሉ መቶዎች ወይም ሺዎች ላይ ይወዳደራል። ሰው ላይ መሞከር ከጀመሩት የካንሰር መድኃኒቶች እስከ ፈቃድ የሚደርሱት ከሃያ አንድ ገደማ ናቸው። የውሸት ኪኒኑን በተመለከተ፣ የሚሠራ ሕክምና ባለበት ካንሰር ሰውን በባዶ ኪኒን ብቻ መተው ተቀባይነት የለውም፤ ባዶው ከተሰጠም ከመደበኛው ሕክምና ላይ ተደርቦ ነው።

ለእህትዎ የሚልኩላቸው ጥያቄ ይኸው። ስንተኛው ደረጃ ነው? ከውጭ የመጣ ሰው ይቀበላል? መድኃኒቱ ነጻ ቢሆን ሲቲ ስካኑንና አልጋውን ማን ይከፍላል? ጥናቱ ሲያልቅ እየጠቀመኝ ከሆነ መድኃኒቱ ይቀጥላል? በፈለጉት ቀን «በቃኝ» ብለው መውጣት መብትዎ ነው፤ የሚፈርሙት ወረቀት ላይ ይህ ከሌለ አይፈርሙ። እዚህ አገር «ትራያል ነው» ብሎ የሚመጣ ካለ ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴውንና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑን ፈቃድ አሳየኝ ይበሉት። ለሙከራው መድኃኒት ገንዘብ የሚጠይቅዎት ከሆነ ተነሥተው ይውጡ። የናሙና ውጤትዎንና የወሰዱትን ሕክምና ዝርዝር ግን ዛሬውኑ ከካርድ ክፍል ኮፒ ያስወጡ፤ እህትዎ የሚያነጋግሩት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

«ያን ሁሉ ወረቀት ማታ ማታ ያለ ምርቃና ማንበብ ይቻላል?» (ስሙን ያልጻፈ የድሬ ልጅ)

ይቻላል። በምርቃና የተጻፉ ፕሮፖዛሎች ደርሰውኝ ያውቃሉ፤ ካንሰር በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠፋል፣ የበጀቱ ገጽ ባዶ ነው።